የቦዩ ጭራ አራተኛ ፎቅ ነው

ሴት ልጅ ያላችሁ ሁሉ ስሙማ! ሐኪም ከጠየቃት ዳሩለት፤ ነጋዴም ከጠየቃት ዳሩለት፤ የመስኖ ተመራማሪ ከመጣ ግን ደጋግማችሁ አስቡ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ዓይኑ የሚያፈስ ቧንቧ ላይ ካረፈ ግን ሚስትም ልጅም አይታየውም።

የዚህ ዘር አውራ፣ ተማሪዎቻቸው «ዶክተር ቦይ» የሚሏቸው የሲቪል ምሕንድስና መምህር ናቸው። እንግድነት ሄደው የአበባ ማሰሮ ካዩ ሰላምታ ሳይሰጡ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ይሰኩና፣ «ውሃ አብዝታችሁበታል፤ ሥሩ ታፍኗል» ይላሉ። የጎረቤት ሣር ላይ ጣሳ ደርድረው፣ የሚረጨው ውሃ ለሁሉም እኩል መድረሱን ሲለኩ የተያዙትም እሳቸው ናቸው። በጫጉላቸው ሰሞን ሙሽራዋን መኪና ውስጥ ትተው የገበሬ ቦይ ውስጥ ገቡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ሲመለሱ ነው ፊታቸው የሙሽራ ፊት የመሰለው።

ባለቤታቸው ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። ከእሳቸው ጋር መከራከር ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ እንደሆነ ካወቀች ቆይታለች።

የሚኖሩበት ሕንጻ የውሃ ግፊቱ ደካማ ነው። ጠዋት ታች ያሉት ሲከፍቱ ላይ ያሉት ጠብታ አያገኙም። አንድ ቀን ዶክተሩ የአራተኛ ፎቋን ወጣት እናት ልጇን አዝላ ጀሪካን ይዛ ደረጃ ስትወጣ አዩና እንቅልፍ አጡ። ነዋሪውን ሰበሰቡ። «ወገኖቼ፣ ምድር ቤት ያለነው የቦዩ ራስ ነን፤ ጭራው አራተኛ ፎቅ ነው። ራሱ ሲጠግብ ጭራው ይጠማል!» ሰዉ እያጉረመረመም ቢሆን ጠዋት ጠዋት የታችኛው መስመር እንዲዘጋ ተስማማ። የመስመሩ መዝጊያ ለእሳቸው ተሰጠ።

ባለቤታቸው በታናሽ እህቷ ምረቃ ቀን ለመነቻቸው።

«ዛሬን ብቻ አትዝጋ፣ በሞቴ! ፀጉሬን ልታጠብ።»

«ለአንቺ ከከፈትኩ ነገ ማን እሺ ይለኛል? የውሃ ዳኛ ለሚስቱ ከሰረቀ የአራተኛ ፎቋ ልጅ ወደ ጀሪካኗ ተመለሰች ማለት ነው። ቶሎ በይ ብቻ።»

ቶሎ አላለችም። ፀጉሯ አረፋ በአረፋ እንደሆነ ውሃው ቀጥ አለ።

«አንተ ሰውዬ! ሳሙናው ዓይኔ ገባ!»

«ሰዓቱ ደረሰ እኮ፣ የኔ እመቤት» አሉ ከኮሪደሩ፣ መዝጊያውን እንደያዙ።

ራሷን በፎጣ ጠቅልላ፣ እየተራገመች ውሃ ፍለጋ ደረጃውን ወጣች። በልቧ ሻንጣዋን እየሸከፈች ነበር። አራተኛ ፎቅ ስትደርስ በሩ ክፍት ነው። ቧንቧው ይንዠቀዠቃል፤ ልጅቷ ሕፃኗን ሳፋ ውስጥ ታጥባለች፤ ሕፃኑም ውሃውን በመዳፉ እየመታ ይስቃል።

«ውይ እትዬ! ምን ሆኑ?»

«ባል አግብቼ ነው፣ ልጄ።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጎንበስ አስባለቻት፤ ጣሳ በጣሳ እያፈሰሰች ፀጉሯን አለቀለቀችላት።

ስትወርድ ዶክተሩ ደረጃው ሥር ቆመዋል። ያዘጋጀችው ስድብ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«ላይ… ይደርሳል?» አሉ በፍርሃት።

«ይደርሳል። ሕፃኑ እየታጠበ ነው።»

የዶክተሩ ዓይን እንባ አቀረረ። ስድቡ ጠፋባት። እንደዚያች ደቂቃ ወዳቸው አታውቅም፤ ክራባታቸውን አስተካክላ፣ «በል ና፣ አርፍደናል» አለቻቸው።

በማግስቱ መዝጊያውን የዘጋችው እሷ ናት፤ እሳቸው የፂማቸውን ግማሽ ተላጭተው፣ ግማሹን በአረፋ እንደሸፈኑ።