ከብት የላሰው ሐውልት

ሰው ድንጋይ የሚያቆመው ለምን እንደሆነ አስባችሁበት ታውቃላችሁ? እኔ አስቤበታለሁ፤ የቀበሌ ጸሐፊ እንደመሆኔ ያሰብኩትንም በቃለ ጉባኤ ይዤዋለሁ። ሰው ድንጋይ የሚያቆመው ማስታወሱን ለድንጋዩ አስረክቦ በሰላም ወደ ቤቱ ለመግባት ነው። ካላመናችሁኝ በየከተማው አደባባይ የቆመውን ሐውልት እዩ። አጥሩ ላይ የታጠበ ልብስ ይሰጣል፣ ጥላው ሥር ጫት ይቃማል። ስማቸው የተጻፈው እነማን እንደሆኑ የባጃጅ ነጂ ብትጠይቁ ግን «ሐውልቱ ጋ ነው የምትወርዱት?» ይላችኋል።

የእኛ መንደር ከነጌሌ ወጣ ብላ ያለች፣ የጭነት መኪና ደስ ሲለው የሚቆምባት፣ ሲከፋው አቧራውን ጥሎባት የሚያልፋት ናት። ጦርነት ግን አላለፋትም። በተለያየ ጊዜ ተጠርተው ከሄዱት ልጆቿ ዘጠኙ አልተመለሱም። እኛም ኮሚቴ አቋቋምንና ወደ ጉድጓድ ውሃው በሚወስደው መንገድ ዳር ሐውልት ለማቆም ወሰንን።

ግንበኛው ሁሴን ነበር፤ ሱቅም ግድብም በእኩል ጥንቃቄ የሚሠራ ሰው። ከነጌሌ አሸዋ ያመጣል የተባለው መኪና ሲቀር፣ «ከብቶቹ የሚወርዱበት ሸለቆ ውስጥ ነጭ አሸዋ ሞልቶ የለ እንዴ?» አለን። በአህያ አስመጣን። ሐውልቱ ተለሰነ፤ ልስኑ ሳይደርቅም ሁሴን ዘጠኙን ስም በምስማር ጻፈ። ከብቶች ያን ሸለቆ ለምን እንደሚወዱት ማናችንም አልጠየቅንም። መንደራችን ውስጥ ያንን የማያውቅ ሕፃን የለም፤ ግን ኮሚቴ ላይ ተቀምጦ ስለ ሰማዕታት የሚያስብ ሰው ስለ ከብት ማሰብ ይከብደዋል።

በምረቃው ቀን ሊቀመንበራችን ሲናገሩ ከውሃ የሚመለስ መንጋ ደረሰ። አንዲት ላም ቆመች። ንግግሩን የምታዳምጥ መስሎን አከበርናት። እሷ ግን ምላሷን ዘርግታ ሐውልቱን ላሰችው፤ ቀመሰችው፤ ደገመችው። ከዚያ መንጋው በሙሉ መጣ። አሸዋው ጨው ነበር። ከሊቀመንበሩ በቀር ሁሉም ሳቀ፤ እኔም በሥራዬ ጠባይ ጎንበስ ብዬ ሳቅሁ።

ነገሩ ሳቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቃለ ጉባኤ ባላስፈለገው ነበር። የመጨረሻው መስመር ላይ የተጻፈው የአኮ ዳኪ ልጅ የጋልጋሎ ስም ነው። አኮ እኛ ዘንድ ሴት አያት ማለት ነው፤ አኮ ዳኪን መንደሩ ሁሉ እንዲሁ ይጠራቸዋል። የጋልጋሎ አስከሬን አልመጣም፤ መቃብርም የለው። እሳቸው ማንበብ አይችሉምና ሁሴን በምረቃው ቀን ጣታቸውን ይዞ በስሙ ላይ መራቸው። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲወርዱ ጎንበስ ይላሉ፣ ስሙን በጣታቸው ይዳስሳሉ፣ «ናጋ ጋልጋሎ?» ብለው ሰላምታ ይሰጡታል፤ የትኛዋ ላም እንደወለደች ነግረውት ይሄዳሉ።

ታዲያ የላም ምላስ ሞረድ ነው። ታችኛው መስመር ደግሞ ጥጃ የሚደርስበት ነው።

አንድ ጠዋት አኮ ዳኪ ቢሮዬ ገቡ። የቦረና ሰላምታ ታውቃላችሁ፤ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ሣሩ፣ ዝናቡ ደህና መሆኑ ሳይረጋገጥ ጉዳይ አይነሣም። ያን ቀን ከብቶቹን እንኳ ሳይጠይቁ፣ «ጣቴ ልጄን አጣው» አሉኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሁሴን ስሙን እንደገና ጻፈው፤ ሐውልቱም በእሾህ ታጠረ። አጥሩ ፍጹም ውጤታማ ሆነ። ከብት አልቀረበም፤ ሰውም አልቀረበም። በሪፖርቴ ላይ «ጸጥታው ተከብሯል» ብዬ ጻፍኩ።

በሳምንቱ ባልፍ እሾሁ ተነሥቷል። አኮ ዳኪ ሐውልቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ጥጃ አጠገባቸው ቆሞ ጋልጋሎን እየላሰ ነው። እሳቸውም የጥጃውን ጆሮ ያካሉ።

«አኮ፣ ምነው ዝም ይሉታል? ስሙ እኮ ይጠፋል» አልኳቸው።

«ይጥፋ። ስሙን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ትጽፉታላችሁ» አሉ። «ክንዴ እሾሁን አልፎ አልደርስበት ቢል አነሣሁት፣ ልጄ። ጋልጋሎ ጥጆቹን ጨው የሚያልሳቸው በመዳፉ ነበር። አሁንም ያልሳቸው።»

ይህን በምን አንቀጽ ሥር እንደምይዘው ቸገረኝና «ስሞቹ በየዓመቱ ዝናብ ሲያባራ ይጻፋሉ» ብዬ ያዝኩት። እውነትም ይጻፋሉ። ሁሴን ከዚያው ከሸለቆው አሸዋ፣ አሁን ሆን ብሎ፣ ይለስናል፤ መንደሩም ዙሪያውን ይሰበሰባል። የድሮው ጽሑፍ ተልሶ አልቋልና የሚያስጽፍ ያስፈልጋል። አንዷ እናት ስም ስትጠራ ሌላዋ የአባቱን ስም ታርማለች፤ ማን ፈጣን ሯጭ እንደነበር፣ ማን የጎረቤት ወተት ሰርቆ እንደተገረፈ ክርክር ይነሣል። ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ሳይቀሩ ጋልጋሎ ግራኝ እንደነበር ይመሰክራሉ። ዋናው የስም ዝርዝር ፋይሌ ውስጥ ነበር፤ የት እንዳስገባሁት ጠፍቶኛል። ለሊቀመንበሩ አትንገሩብኝ እንጂ ፈልጎትም የመጣ የለም።

አምና ከበላይ አንድ ባለሙያ መጣ። ሐውልቱን አይቶ አዘነልን፤ ዘላለም የማይፋቅ ጽሑፍ ያለው እብነ በረድ፣ ከብረት አጥር ጋር፣ ሊያስመጣልን ቃል ገባ። ሊቀመንበሩ አጨበጨቡ። አኮ ዳኪ ሰውየው ምን እንዳለ ጠየቁኝና በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረቡ፤ እኔም በታላቅ አክብሮት ለባለሙያው ተረጎምኩለት።

«ጨው አለው ወይ እያሉ ነው።»

ባለሙያው ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ጉዳዩ እየተጠና መሆኑን በደብዳቤ ገልጸውልናል፤ እኛም አላስቸኮልናቸውም።