ቅቤ የጠገበ ጉትቻ

ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው። ቁስቋም፣ ወርቅ ሠሪው አያ ተሰማ ቤት፣ እሳቸው ራሳቸው ነበሩ፤ ደላላው መኰንን ነበረ፤ አያ ካሣ የተሰበረ ቀለበት ይዘው መጥተው ነበር፤ እትዬ የሺም ከትክል ድንጋይ መጥተው ነበር፤ እኔም የእናቴን መስቀል ላስበይድ ሄጄ ነበር።

ወርቁን ሳያጥብ ለሚዛን የሚያቀርብ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እድፍም ይመዝናል ብሎ የሚያምን! እኔ እንዲህ ያሉትን ሰዎች ራሱን እንደቻለ ነገድ ነው የምቆጥራቸው። አያ ካሣ ቀለበታቸው ሲፋቅ ርስታቸው የተነጠቀ ያህል ጮኹ፤ የወደቀውንም አፈር በመዳፋቸው ሰብስበው «ይኸስ?» አሉ።

የእትዬ የሺ የተሰበረ ጉትቻ ደግሞ ቅቤ ጠግቦ ነበር።

«ሳይታጠብ ዋጋው አይታወቅም» አሉ አያ ተሰማ።

«እንዲሁ ይመዘን፤ ለቅቤው የፈለጉትን ይቀንሱ።»

«ምነው እትዬ፣ ወደ ቅቤ ተራ አይወስዱትም?» አለ መኰንን። ሳቅን።

«ልጄ ለፋሲካ የተቀባችው ነው» አሉ። «ጉትቻውን የምሸጠው ለተዝካሯ ነው።»

ሳቁ ቆመ። አያ ተሰማ የውኃውን ጣሳ ወደ ጎን ገፉት። ቅቤውን በጥጥ ጠርገው ጥጡን ለእናቲቱ ሰጧቸው፤ ከዚያ ጉትቻውን እሳት አሳይተው መዘኑት። እትዬ የሺ ጥጡን በመቀነታቸው ጫፍ ሲቋጥሩ ወደ ሚዛኑ አንዴም አላዩም።

እዚያ የነበራችሁ፣ የጎደለውን ሙሉልኝ። ጥጡ ወደ ቢጫ መለወጡን እንኳ አስታውሳለሁ። የልጅቱን ስም የጠየቀ ግን ከመካከላችን ማን ነበር?