የቃርሚያ ዘይታችንን የሚቀበል ችግረኛ ስለ መፈለግ

የዓይን ሙራን መንደር «በጎ እጆች» የወጣቶች ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ዕለት፦ ሐሙስ፣ የወይራ ለቀማው ካለቀ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ቦታ፦ የሊቀመንበሩ አባት ጎሚስታ ቤት። የመንደሩ የእንግዳ አዳራሽ በሠርግ ተይዟል።

የተገኙ አባላት (ሁሉም የማኅበሩን ቢጫ ሰደርያ ለብሰው)፦
ቁተይባ፣ ሊቀመንበር፤
ሰውሰን፣ ንብረት ክፍል፤
ዘይዱን፣ ሕዝብ ግንኙነት፤
ራካን፣ ያለ ሥልጣን (ሥልጣን ይሰጠኝ ብሎ ያስገባው ማመልከቻ በመታየት ላይ ነው)፤
ኢያስ፣ ጸሐፊ፣ የዚህ ቃለ ጉባኤ አዘጋጅ። ጸሐፊ ሆኖ የተመረጠው በምርጫው ዕለት ስለቀረ ነው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንባችን መሠረት ስብሰባ የሚካሄደው ሰባት አባላት ሲገኙ ነው። ደንቡን ያረቀቀው ሊቀመንበሩ ሲሆን፣ ሰባት ያለው ቁጥሩ ደስ ስላለው ብቻ መሆኑን አስረድቷል። ክፍተቱን ለመሙላት፣ ጎማ ይዞ ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ደንበኛ በአባልነት እንዲቆጠር ሐሳብ ቀረበ። ደንበኛው «ወንድሞቼ፣ እኔ ነፋስ ላስሞላ ነው የመጣሁት» በማለት አልተቀበለም። ከረጅም ውይይት በኋላ ምልዓተ ጉባኤ ማለት «የመጣው ሰው» ማለት እንዲሆን ደንቡ ተሻሽሏል። ሊቀመንበሩም የጭነት መኪና ጎማ በመፍቻ መትቶ ስብሰባውን ከፍቷል።

አጀንዳ አንድ፦ ዘይቱን የሚቀበል በጎ አድራጎት ድርጅት መምረጥ

ሊቀመንበሩ የጉዳዩን አመጣጥ አስረዳ። ባለፈው ቅዳሜ ማኅበሩ ሠላሳ ወጣቶች አሰልፎ፣ ቢጫ ሰደርያ አልብሶ፣ በሐጂ ሰልማን ማሳ ውስጥ ባለቤቱ ለቅሞ የተወውን ወይራ ከዛፍም ከመሬትም አንድ ፍሬ ሳያስቀር ቃርሟል። ወይራ ዓመት አፍርቶ ዓመት ያርፋል፤ ዘንድሮ የሚያርፍበት በመሆኑ ከሐጂ ሰልማን ማሳ በቀር ይህ ነው የሚባል ፍሬ የያዘ አልነበረም። የቃረምነው ተጨምቆ ሦስት ቆርቆሮ ዘይት ወጥቶታል። ቆርቆሮዎቹ በስብሰባው መሐል ተቀምጠዋል። ነገ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ዘይቱ ለችግረኞች እንደሚሰጥ በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ተነግሯል። ለየትኞቹ እንደሆነ አልተነገረም፤ እኛም ስለማናውቅ ነው። ዛሬ ካልወሰንን ነገ መላው መንደር ፊት ቆርቆሮ ታቅፈን መቆማችን ነው።

ራካን ዘይቱ ኢርቢድ ከተማ ውስጥ ለሚገኝ የጎዳና ድመቶች መጠለያ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። ሰውሰን «ድመት ዘይት ምን ያደርግላታል? ዳቦ ልታጠቅስበት ነው?» ስትል ጠየቀች። ራካን ጸጉሯን ያወዛል ሲል መለሰ። ጉዳዩ በተግባር እንዲረጋገጥ ተወስኖ ለጎሚስታ ቤቱ ድመት ዘይት በክዳን ቀረበላት። አሽትታ ሄደች። ሐሳቡ ወድቋል።

ዘይዱን በዋና ከተማችን በአማን የሚገኝ አንድ ትልቅ ድርጅት ጠቆመ። ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ «ለጊዜው አላጣራሁም፤ አዳራሻቸው ግን መብራቱ ጉድ ነው፣ ፎቶ ያወጣል» ብሏል።

ጸሐፊው ዘይቱ ተሸጦ በመንደሩ የዘይት እጦት መኖር አለመኖሩ እንዲጠና ሐሳብ አቀረበ። የደገፈው የለም። ጸሐፊው አሁን ሲያስበው ራሱም አይደግፈውም።

ሰውሰን ዓጅሉን ከተማ ያለውን የኩላሊት ሕሙማን ማኅበር አቀረበች። ራካን የማኅበሩ ኃላፊ የሰውሰን አጎት ሚስት መሆኗን ጠቅሶ «ይሄማ ዝምድና ነው!» ሲል ተቃወመ። ሰውሰን «ወላሂ ከሷ ጋር ከተኮራረፍን ሁለት ዓመታችን ነው፤ ምን ዓይነት ዝምድና ነው እሱ?» ብላ መለሰች። ይህ ገለልተኝነቷን ስለሚያሳይ ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ወዲያው ሰውሰን ዘይቱ ቢሰጥ ሴትዮዋ ደስ እንደሚላት ትዝ ብሏት ሐሳቧን አነሳች።

ከረጅም ውይይት በኋላ ድርጅት መፈለጉ ቀርቶ፣ ከመንደሩ ለክረምቱ ጭራሽ ዘይት የሌለው ቤት ተፈልጎ እንዲሰጥ ተወስኗል። መረጃው ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ከማንኛውም መሥሪያ ቤት ይልቅ የሰውሰን እናት የተሟላ መረጃ እንዳላቸው ሁሉም አባል ተስማምቷል።

አጀንዳ ሁለት፦ የችግረኛ መረጃ ማሰባሰብ

ሰውሰን እናቷ ጋ ደውላ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ቆርቆሮ ላይ አስቀመጠችው። እናቷ ሳያመነቱ መለሱ፦

«ዘይት የሌለው ቤት? ኡም ጋሊብ ናቸዋ! ከሳቸው ጋር የሚውሉት ሁለቱ እህትማማቾችም አሉ። ሰኞ ለታ ኡም ጋሊብ የሱቅ ዘይት በጥቁር ፌስታል ደብቀው ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ኡም ጋሊብ! የሱቅ ዘይት! ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።»

በመንደራችን ዳቦ ገዝቶ መብላት ነውር አይደለም። ዘይት ከሱቅ ሲገዙ መታየት ግን ቤት እንደ መፍረስ ይቆጠራል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የሆነ ሆኖ ችግረኛ በመገኘቱ አባላት ደስታቸውን በጭብጨባ ገለጹ። ዘይዱን «እንኳን ደስ ያለን!» ብሏል። በቃለ ጉባኤ እንዳይሰፍር ቆይቶ ለምኗል።

ሰውሰን ኡም ጋሊብ ዘንድሮ ዘይት ያጡት ለምን እንደሆነ ጠየቀች።

«ዛፍ የላቸውማ፣ ልጄ! ዛፍ የሌለው ሰው የዓመት ዘይቱን ከቃርሚያ አይደል የሚያገኘው? ባለማሳው ከጨረሰ የቀረው የነሱ ነው፤ እኔም ስወለድ የደረስኩበት ነገር ነው። ቅዳሜ ማለዳ ጆንያቸውን ይዘው ቢሄዱ፣ አንድ መንጋ ቀድሟቸው ማሳውን ላጭቶ ላጭቶ ጨርሶታል!»

ሊቀመንበሩ ከልቡ ተቆጣ። የድሆችን ጉሮሮ የዘጉ እነዚህ ሰዎች ማንነታቸው ተጣርቶ መንደሩ ፊት እንዲጋለጡ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። በአምስት ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞ ጸደቀ።

«ቢጫ ሰደርያ ለብሰው ነበር አሉ» ሲሉ የሰውሰን እናት ጨመሩ።

ከዚህ በኋላ አባላት አንዱ የሌላውን ሰደርያ ያየበት ጊዜ ለዚህ ቃለ ጉባኤ ሲባል «ረጅም ውይይት» ተብሎ ተመዝግቧል።

በመጨረሻ ራካን የሁላችንም ቤት ዛፍ ስላለው ማንም ቃርሞ እንደማያውቅ ገለጸ። እናቶቻችን በየዓመቱ «የቀረውን ተዉት፣ በቃ» ሲሉን የደከማቸው ይመስለን ነበር። ዘይዱንም ለነገው ባነር የመረጠውን የቅዳሜውን ፎቶ በስልኩ አሳየ። ከፊት እኛ ጣታችንን ቀስረን እንስቃለን። ከኋላችን ሦስት ሴቶች ባዶ ጆንያ ይዘው ቆመዋል፤ መሐለኛዋ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገዋል። ከሥሩ ዘይዱን «እናቶቻችን ደስታቸውን ለመግለጽ ማልደው ተገኝተዋል» ብሎ ጽፎበታል። ፌስቡክ ላይ ብዙ ሰው ወዶታል፤ ጸሐፊውም የልብ ምልክት አድርጎበታል። ጸሐፊው አፍሯል። ይህ የግል ስሜት ነው፤ ይሰረዝ ያለ አባል ግን አልነበረም።

አጀንዳ ሦስት፦ ዘይቱን ለኡም ጋሊብ ስለ መለገስ

ሦስቱ ቆርቆሮዎች ነገ ከጁምዓ በኋላ ለሦስቱ ሴቶች በልገሳ መልክ እንዲሰጡ፣ ዛሬውኑም መልእክተኛ ሄዶ እንዲያበስራቸው ተወሰነ። መልእክተኛው ማን ይሁን በሚለው ላይ ጠንካራ ክርክር ተደርጓል። እያንዳንዱ አባል ክብሩ ለሌላው እንደሚገባ በትሕትና ተከራክሯል።

ክርክሩ ሳይቋጭ ኡም ጋሊብ ራሳቸው በሩ ላይ ቆሙ። ስልኩ ሳይዘጋ ቀርቶ የሰውሰን እናት ሁሉን ሰምተው በግቢው አጥር በኩል ነግረዋቸዋል። ለመቀመጫ ጎማ ቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም።

ሊቀመንበሩ «ክብርት እናታችን፣ ማኅበራችን ባደረገው ጥልቅ ጥናት...» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በል፣ አንተ የጎሚስታው ልጅ! ማነው ለኔ ምጽዋት የሚሰጠኝ? ነገ ሰው ሁሉ በቆመበት እጄን ልዘረጋላችሁ ነው? ባሌ ሲሞት እንኳ ከማንም ቤት ዘይት አልተቀበልኩም! ቃርሚያ ምጽዋት መሰላችሁ እንዴ? ወገቤ ነው! ጎንበስ ብዬ ቃርሜ፣ ተሸክሜ፣ ተራ ጠብቄ አስጨምቄ ነው የምበላው።»

ዘይዱን በዝግ፣ ያለ ፎቶ ቢሰጣቸው እንደሚሻል ሐሳብ አቀረበ።

«ስጡኝ አላልኩም። መልሱልኝ ነው ያልኩት።»

ሊቀመንበሩ በመስጠትና በመመለስ መካከል ያለው ልዩነት ለቃለ ጉባኤው እንዲብራራ ሲጠይቅ ሰውሰን እግሩን ረገጠችው። ማብራሪያው በቂ ሆኖ ተገኝቷል። «ልገሳ» የሚለው ቃል ከውሳኔው ተሰርዞ «መመለስ» በሚል ተተክቷል።

ኡም ጋሊብ ሦስቱንም ቆርቆሮ አስከፍተው በጣታቸው ቀመሱ። «ደህና ነው» አሉ። ይህ ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ያገኘው የመጀመሪያ አድናቆት ነው። ከዚያ ባዶ ጠርሙስ እንዲመጣላቸው አዘዙ።

ሰውሰን «ለምንዎት ነው፣ አክስቴ?» አለች።

«ለድርሻችሁ ነዋ። ለሰው ወይራ የለቀመ ድርሻውን በዘይት ይወስዳል። ስታጠፉም ቢሆን ለፍታችኋል። የሰው ላብ እኔ ቤት አይገባም።»

አባላት በአንድ ድምፅ አንቀበልም አሉ። ሰውሰን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የጎማ ሽታ ነው ብላለች። ሊቀመንበሩ ጉዳዩን ለድምፅ አቅርቦ ላለመቀበል አምስት ድጋፍ፣ ዜሮ ተቃውሞ ተቆጠረ። ኡም ጋሊብ ቆጠራውን በትዕግሥት ጠብቀው «ጨረሳችሁ?» ካሉ በኋላ ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞልተው ጸሐፊው እጅ ላይ አኖሩት።

«አሁን ተሸከሙ። በጓሮ እንዳትወስዱኝ፤ በዋናው መንገድ፣ ፀሐይ ሳለች። ያን ቢጫችሁን ደግሞ አውልቁት።»

ስብሰባው በመንገድ ላይ ቀጥሏል። ቆርቆሮ የተሸከሙት ሊቀመንበሩ፣ ራካንና ዘይዱን ናቸው። ሰውሰን የደከመውን ታግዛለች፤ ጸሐፊው ጠርሙሱን ታቅፏል። ኡም ጋሊብ ከፊት ሆነው ያገኙትን ሁሉ ሰላም እያሉ ይሄዳሉ። ሱቁ በር ላይ የተቀመጡት ሰዎች «ምንድነው ኡም ጋሊብ?» ብለው ጠየቁ። ቅዳሜ ማን ምን እንዳደረገ ለመንደሩ የሚነገርበት ጊዜ እንደደረሰ የገባን ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

«ዘይታችን ነው» አሉ ኡም ጋሊብ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ዘንድሮ እነዚህ ልጆች ለቀሙልን። አላህ ያሳድጋቸው።»

ሊቀመንበሩ ቀና ለማለት ሞከረ፤ ቆርቆሮው ከበደው።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በኡም ጋሊብ ደጃፍ የሚከተለውን ወስኖ ተበትኗል፦

ከ«መመለስ» በቀር፣ ከአጀንዳ አንድ እስከ ሦስት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። አጥፊዎቹ ተጣርተው መንደሩ ፊት እንዲጋለጡ የተላለፈው ውሳኔም፣ ኡም ጋሊብ «ለቀሙልን» ብለው ስለ ቀደሙን፣ ተሽሯል። የነገው የርክክብ ሥነ ሥርዓት አይኖርም። ማኅበሩ በዚህ ዓመት ለአንድም ችግረኛ አልለገሰም። በዚህ ዓመት የተለገሰለት ማኅበር ግን አንድ አለ፤ አንድ ጠርሙስ ዘይት፣ ከኡም ጋሊብና ከሁለቱ እህትማማቾች፣ በምስጋና ተቀብለናል።