ውሃ ሊመረምር የመጣው ዲኤንኤ

አንዳንድ የባዕድ ቃል እኛ አገር ሲገባ እንደ አዲስ ምራት ነው፤ ሐሜቱ ቀድሞት ይደርሳል። ‹ዲኤንኤ›ን ውሰዱ። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ስለሆንሁ ሞለኪውሉ ይታየኛል። እናንተስ? አትደብቁኝ፤ የመጣባችሁ ‹ልጁ የማን ነው?› የሚለው ነው።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ለውሃ መመርመሪያ የሚሆን ነገር እንሠራ ነበር። በቤተ ሙከራ የተሠራ አጭር የዲኤንኤ ክር ነው፤ ከሰውም ከከብትም አልተወሰደ። ውሃው ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ካለ ክሩ ይጠቀለልና ኢንዛይም የሚባለው ፕሮቲን የሚሠራውን ሥራ ይጀምራል፤ ቀለም የሌለውን ፈሳሽ አረንጓዴ ያደርገዋል። ኢንዛይም ሳይሆን የኢንዛይም ሥራ! ድቁና ሳይቀበል ቅዳሴውን በቃሉ የሚያወርድ የቆሎ ተማሪ በሉት።

አንበሳሜ አጠገብ ባለች መንደር አንድ ሰው እርሳስ ያለበት አሮጌ የመኪና ባትሪ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሲሰባብር ከርሞ ኖሮ፣ ሕዝቡ ውሃውን ፈራ። እንድመጣ ተጠየቅሁ። የደብሩ አለቃም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ነገ በዲኤንኤ የሚመረምሩ መምህር ይመጣሉና ማንም እንዳይቀር!» ብለው አወጁ።

ሰኞ ጠዋት ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ግልብጥ ብለው ወጡ። ወንዶቹ ግን የሉም። አንዱ ገበያ ሄዷል፤ ሌላው ወገቤን ብሎ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዷል። መንደሩ በአንድ ሌሊት ወገቡን ታመመ።

ብልቃጦቼን ስደረድር አያ ደመላሽ ቀስ ብለው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የአገሩ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው።

«መምህር፣ ይኸ ነገር በጥቂቱም ያውቃል?»

«አንድ ጠብታ ይበቃዋል።»

«የቆየስ? ሃያ ዓመት ያለፈው?»

ስለ ባትሪው የጠየቁኝ መስሎኝ «እሱ እኮ አይጠፋም፤ አንዴ ከገባ ገባ ነው» አልኋቸው።

ብልቃጦቹን በዓይናቸው ቆጠሩ። «መቼ ነው የሚናገር?»

«ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

ግማሽ ሰዓቱን አልጠበቁም። ብድግ ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉና «ስሙኝ!» አሉ። «ብልቃጥ ከሚናገርብኝ እኔው ልናገር። ከዐረብ አገር ተመልሳ ሐሙሲት ሻይ ቤት የከፈተችው ትዕግሥት የእኔ ልጅ ናት። እናቷ በሽማግሌ ስትጠይቀኝ በታቦት ምዬ ካድሁ።»

ባለቤታቸው እትዬ የሺ ጀሪካናቸውን አስቀመጡ። «ይኸን ለመናገር ሃያ ዓመት? እኔ እኮ ልጅቱን ያየሁ ዕለት አውቄያለሁ። ያን አፍንጫ ሌላ ማን ይሰጣታል?»

አሁን መናገር ግድ ሆነብኝ። «አያ ደመላሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይኸ የሚፈልገው እርሳስ ነው። የሰው ነገር አያውቅም።»

ተመልሰው ተቀመጡ። «አስቀድመህ አትናገርም?»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ለካስ ውሃም ያወጣዋል።

የወጣ ቃል አይመለስምና ከሰዓት በኋላ ሐሙሲት ወረድን፤ ምስክር ሁነኝ ብለውኝ ነው። ትዕግሥት ነገሩን ስትሰማ ብርጭቆ ታጥብ ነበር፤ ብርጭቆውን አስቀመጠች። እናቷ ካረፈች ዓመት አልሞላትም። ወደ እሳቸው ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች።

«ምርመራው አሳፍሯቸው ነው?»

«የለም። በራሳቸው አፍ ነው የተናገሩት።»

ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እናቴ ይችን ቀን ነበር የምትጠብቅ» አለች። አያ ደመላሽ አቀርቅረው «የበደልሁት እሷንም አንችንም ነው» አሉ። ትዕግሥት ሻይ ቀድታ ፊታቸው አስቀመጠች።

«ስኳር ያበዛሉ?»

«አበዛለሁ።»

«እኔም አበዛለሁ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ብልቃጦቹ? አንዳቸውም አረንጓዴ አልሆኑም፤ ውሃው ንጹሕ ነው። ለትምህርት ክፍሉ ባስገባሁት ሪፖርት ላይም፣ እንደ ሥርዓቱ፣ «በመንደሩ ምንም አልተገኘም» ብዬ ጻፍሁ።