አደራ በሂንዲ

ፈጣሪ ለአንዳንዱ ሰው የማወቅን ጸጋ ይሰጣል፤ ለአንዳንዱም የማስተማርን። ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ሸዋርካብሽ ግን፣ ምክንያቱን እርሱ ባለቤቱ ያውቃል፣ ሁለተኛውን አትረፍርፎ ሰጥቶ የመጀመሪያውን አቆይቶባቸዋል።

እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። ጠዋት የሰማውን ቀትር ላይ ያስተምራል፤ ማታ ደግሞ ያልያዙለትን ይገሥጻል። ለጥቂት ቀን ሐኪም ቤት ተኝቶ ከወጣ ለሰፈሩ ሁሉ መድኃኒት ያዛል፤ ፍርድ ቤት ከተመላለሰ ጠበቃ ሆኖ ይመለሳል። በዕድሜዬ ብዙ እንዲህ ያሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ከብዙዎቹም ተምሬያለሁ። ሂንዲ ይዘው የመጡብኝ ግን ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ብቻ ናቸው።

ሰባተኛ ሰፈር ባለው የሱቅ መደዳችን እኔ የቤተ ክርስቲያን ጥላ፣ መጋረጃና መቋሚያ እሸጣለሁ። ከእኔ ቀጥሎ እርሳቸው ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ፤ ከእርሳቸው ቀጥሎ ኸይረዲን ጨርቅ በጅምላ ያከፋፍላል። የወይዘሮ ሸዋርካብሽ አንዲት ልጅ ሩሀማ የመድኃኒት ቅመማ ልትማር ሕንድ አገር፣ ጃይፑር ወደምትባል ከተማ ሄደች። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ገበያውና መንገዱ ግን በሂንዲ ስለሆነ ልጅቱ ማታ ማታ የጀማሪዎች የሂንዲ ክፍል ገባች። የተማረችውንም በየዕለቱ በድምፅ ቀርጻ ለእናቷ በስልክ ትልካለች። እናት ያንን ድምፅ ማለዳ ሱቅ እንደከፈቱ ከፍ አድርገው ይለቁታል። ውዳሴ ማርያሜን ሳልጨርስ አንዲት ልጅ ከኮረሪማው ጆንያ ውስጥ በማላውቀው ልሳን ሰላምታ ትሰጠኛለች።

ነገሩ ግን ጨዋታ አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ማደሪያ ጠብቦ ተማሪዎቹ ውጭ ክፍል እንዲፈልጉ ተነገራቸው። ሩሀማም ካምላ በሚባሉ አንዲት አሮጊት ቤት ክፍል አገኘች። አሮጊቷ ከሂንዲ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም። ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ይህን ሲሰሙ ቁርጡን ተናገሩ።

«ልጄን የምትረከበውን ሴት ፊት ለፊት አይቼ፣ በአፌ አደራ ብዬ፣ እሷም በአፏ ተቀበልኩ ካላለችኝ፣ ትምህርቱ ይቅርና ሩሀማ ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች።»

«እትዬ፣ ሩሀማ ራሷ ታስተርጉምላችሁ» አላቸው ኸይረዲን።

«አደራው እሷው ናት፤ አደራው ራሱ ያስተረጉማል እንዴ?»

ሕጉን እኛም እናውቀዋለን፤ አደራ ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ሽማግሌም በመካከል ይመሰክራል። ሽማግሌው እኔ መሆኔ የተነገረኝ በዚያው ዕለት ነው። የማይሰማውን ቋንቋ ሊመሰክር የሚቀመጥ ምስክር በየትኛው መጽሐፍ እንዳለ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

«ስለዚህ እርስዎም ይማራሉ» አሉኝ። «ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ነዎት። ለእርስዎ ቀላል እኮ ነው ጋሼ ኪዳነወልድ።»

«ግዕዝና ሂንዲ ምን አገናኛቸው?»

«ሁለቱንም እዚህ መደዳ ላይ የሚሰማቸው የለም።»

እንዲህ በስተርጅና ዳግመኛ ተማሪ ሆንኩ። ፊደል የቆጠርኩት ከአንድ ዋርካ ሥር ነበር፤ ያኔ የኔታ አለንጋ ነበራቸው። አዲሷ የኔታ ሸዋርካብሽ ደግሞ የእርድ ማንኪያ አላቸው፤ በእርሱ የሚዛኑን ሣህን እየመቱ ያስጠኑናል። ፓኒ ውኃ ነው፤ ዱድ ወተት ነው፤ ሃን ማለት አዎ ነው። ደንበኛ ገብቶ ወጥቶ ስመለስ ሁሉም ተደበላልቆ ይጠብቀኛል።

«ዱድ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ውኃ።»

«እንግዲህ ሕፃን በውኃ ሊያሳድጉልን ነው» ይሉና ሣህኑን ይመታሉ።

ጆንያ ሲራገፍ በሂንዲ ይቆጥራሉ። ኤክ፣ ዶ፣ ቲን ሲሉ ተሸካሚዎቹ ይደናገሩና ያራገፉትን መልሰው መኪናው ላይ ይጭኑታል። «ቀላል እኮ ነው» ይሏቸዋል፤ ላብ ያሰመጣቸው ሰዎች ግን ቅለቱ አልታያቸውም።

አንድ ቀን ደግሞ ካል የምትባል ቃል መጣች። ትናንት ማለት ናት፤ ነገም ማለት ናት። ኸይረዲን ከጨርቁ መካከል አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ይሄስ ልብስ ሰፊዎች ያወጡት ቋንቋ ነው» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ማታ ጸሎት ላይ ቆሜ ነገሩ አልለቀቀኝም። ትናንትና ነገ አንድ የሚሆኑት በእርሱ በፈጣሪ ዘንድ ብቻ መስሎኝ ነበር። ይህ ሕዝብ ምን ቢያውቅ ነው እንዲህ ያለው እያልኩ የጀመርኩትን መዝሙር ከየት እንዳደረስኩት ጠፋኝ።

የአደራው ቀን ረቡዕ ዋለ። ስልኩን ሚዛኑ ላይ አስደግፈን፣ እኔ በርጩማ ላይ፣ ኸይረዲን ከኋላዬ ቆሞ፣ ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ነጠላቸውን አደግድገው ጠበቅን። በስልኩ መስኮት ውስጥ ካምላ ታዩ፤ ነጭ ጠጉር ያላቸው፣ ሻሻቸውን እስከ ግንባር የሳቡ ሴት ናቸው። ሩሀማ ከጎናቸው ተቀምጣለች፤ እናቷ ትንፍሽ እንዳትል አስጠንቅቀዋታል።

«ናማስቴ ጂ» ብለው ሰላምታ ሰጡ የኔታ ሸዋርካብሽ። «ሜሪ ቤቲ፣ አፕኪ ቤቲ።»

ልጄ ልጅሽ ናት ማለት ነው። ይህን አንድ ቃል ሲያጠኑ ስንት ጊዜ ሣህኑ እንደተመታ ጆሮዬ ያውቃል።

አሮጊቷ ፈገግ አሉና ራሳቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዘወዙ።

የእርድ ማንኪያው ከወይዘሮ ሸዋርካብሽ እጅ ወደቀ። «እምቢ አለች» አሉ በሹክሹክታ።

«ይድገሙት» አልኩ።

ደገሙት። አሮጊቷ አሁንም ወዘወዙ፤ እንዲያውም ከፊተኛው አብልጠው። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ካጠናነው አንዲት ቃል የለችበትም። የምንጠብቃት ሃን ነበረች፤ እርሷም አልመጣችም። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቁ መሰለኝ፣ መልስ እየጠበቁ አዩን። ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ግራ ቢገባቸው እንደ እኛ አገር ሰው አዎ ለማለት ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። አሮጊቷ ደነገጡ። ደረታቸውን ይዘው ለሩሀማ አንድ ነገር ተናገሩ። የኔዋ መምህርት ለማረጋገጥ ትንፋሻቸውን ደግመው ሳቡ። አሮጊቷ ብድግ ብለው ውኃ ይዘው መጡና ብርጭቆውን ወደ ስልኩ ዘረጉ።

«ምንድን ነው ጋሼ?» አለ ኸይረዲን።

«እኔ ምስክር ነኝ እንጂ አስተርጓሚ አይደለሁም» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ያለሁበትን አገር እንኳ ረስቼ ነበር።

ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ጨርሰው ተስፋ ቆረጡ። «በቃ ሩሀማ። ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

ልጅቱ የታዘዘችውን ዝምታ ያን ጊዜ ጣሰች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አፏ ግን ይስቃል። «እማዬ፣ እዚህ ራስ መወዝወዝ እሺ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ እሺ ብላሻለች። አንቺ ደግሞ ትንፋሽሽን ስትስቢ አስም የያዘሽ መስሏት ሐኪም ጥሩላት እያለች ነው።»

ፊታችን ያሉት ሁለት ሴቶች እሺ ሲባባሉ ቆይተው ሊለያዩ ደርሰው ነበር። ሆኖም ወይዘሮ ሸዋርካብሽ አልረኩም። «እሱን አንቺ ነሽ ያልሽው። አደራው ራሱ አይመሰክርም።»

ካምላ ግን ነገሩ የገባቸው ይመስላል። ከአጠገባቸው ካለ ሣህን አንድ ነጭ ጣፋጭ አነሡ። በግራ እጃቸው የሩሀማን አገጭ ቀና አድርገው ጣፋጩን በቀኝ እጃቸው አጎረሷት፤ ከከንፈሯ የተረፈውንም በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉላት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ራሳቸውን ወዘወዙ።

ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ጆንያው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ኸይረዲን ጨርቁን ሊያጥፍ ሄደ፤ ጨርቁ ግን የታጠፈ ነበር።

አሮጊቷ ደስ ብሏቸው ሌላ ጣፋጭ አንሥተው አሳዩን፤ ከምን እንደሠሩት ነገሩን። «ዱድ» አሉ። «ዱድ።»

ያን ሁሉ ቀን ሣህን ሲመታብኝ ያልገባችልኝ ቃል እንደ ደወል ጥርት ብላ ገባችኝ። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ልጅቱም ጾመኛ ናት።

ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ቀና ብለው አዩኝ። የሰሙትን ሁሉ ሳይጠየቁ የሚተረጉሙት ሴት፣ ፊታቸው ተጨንቆ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን ጠየቁ።

«ጋሼ፣ ምን አለች?»

«እኔ እንደሆንኩ ሂንዲ አይገባኝም» አልኳቸው። «አደራው ግን ተይዟል፤ እመሰክራለሁ።»

አሁን ሩሀማ ካምላ ቤት ናት። የሂንዲው ሁለተኛ ደረጃ ተጀምሯል፤ ሣህኑም ማለዳ ማለዳ ይመታል። አንድ ቀን ድምፁ ሲዘገይ ከሱቄ ወጥቼ «የኔታ፣ ዛሬ ትምህርት የለም?» ብዬ መጠየቄን ኸይረዲን አይቷል፤ ያወራው እንደሆነ አልክድም።

የጌታ ቸርነት ከወይዘሮ ሸዋርካብሽ አይለይ፤ ልጃቸውን በሄደችበት ይጠብቅ፤ የአደራ እናቷን የካምላንም ቤት ይባርክ። አሜን።