የማዳም አንጓና ክቡር ኪቦርዱ

ውድ ኪቦርድ ዋጋውን ያወጣል ወይ ብለው የሚጠራጠሩ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ቤሩት ዳር፣ በሐዝሚዬ ኮረብታ ላይ ያለውን የማዳም ጆዚያንን ቤት ስለማያውቁ ይቅር እንላቸዋለን። እዚያ የማዳም የቀኝ እጅ አንጓ የታመመ ዕለት ዜናው በየአገሩ ሳይነገር መቅረቱ እስካሁን ያንገበግበኛል። ማዳም ቤታቸው ሆነው «ያለ ጭንቀት እንዴት ይኖራል» የሚል ምክር ለኢንተርኔት ይጽፋሉ።

በዚያው ሰሞን የልብስ ማጠቢያው ማሽን ተበላሸ። የማሠሪያው ገንዘብ ተቀምጧል። ስለዚህ የቤቱ ከፍተኛ ምክር ቤት፣ ማለትም ማዳምና ባለቤታቸው ሙስዩ ፋዲ፣ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። የቤቱ ሠራተኛ፣ የወሎዋ ፈሪሃ፣ በረንዳ ላይ አንሶላ በእጇ እየጨመቀች ትሰማለች።

«ማሽን ይቅደም ወይስ ሰው?» አሉ ሙስዩ። «ማሽን ይቆያል። የሰው እጅ ግን፣ ያኒ፣ አይቆይም!»

በማሽኑ ገንዘብ አንጓ ያድናል የተባለ ውድ ኪቦርድ እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ፈሪሃም የሰው እጅ ቀዳሚነት በመረጋገጡ ደስ ብሏት ሌላውን አንሶላ አነሳች።

ኪቦርዱ መጣ። ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግማሹ ለቀኝ እጅ፣ ግማሹ ለግራ፣ መሐሉ ድመት ያስተኛል። ሲነኩት ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይንጣጣል። ማዳም አንድ መስመር ጻፉበትና «ወላሂ፣ ሌላ ሰው ሆንኩ» አሉ።

ቅዳሜ የ«ተዕዚል» ቀን ነው፤ በቤሩት ማዳሞች ሕግ የሚነቀል ሁሉ ተነቅሎ ይታጠባል። ፈሪሃ የምድጃውን ቁልፎች ነቀለች፣ የኤሲውን ወንፊት ነቀለች። የኪቦርዱም ፊደላት እንደሚነቀሉ አየችና ነቅላ በረኪና ውስጥ ዘፈዘፈቻቸው። ደርቀው ልትመልሳቸው ስትል የማን ቦታ የት እንደነበር ጠፋት። እንደ ጤነኛ ሰው አስባ፣ ትምህርት ቤት እንደተማረችው፣ ከኤ እስከ ዜድ በተራ ደረደረቻቸው። ደርድራ ስትጨርስ ግን ልቧ አላምን አላት፤ ሺያህ ሰፈር ተከራይታ ለምትኖረው ጓደኛዋ ለሲቲና ደወለች።

«ሲቲ፣ አለቀልኝ! ማዳም ወዳስመጣኝ የሠራተኛ ቢሮ ትመልሰኛለች!»

«ጽፋበታለች?»

«ገና።»

«ኸላስ፣ በቃ ዝም በይ። ማዳሞችን አላውቅም እንዴ?»

ፈሪሃ ኪቦርዱን ጠረጴዛው ላይ መልሳ ጠበቀች። ጉድ አልመጣም። ለካ ማዳም ምክራቸውን የሚጽፉት ሶፋ ላይ ጋደም ብለው ለስልካቸው በመናገር ነው። ኪቦርዱን የሚነኩት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ሳይበራ ዓይናቸውን ጨፍነው ያንጣጡታል።

«ስሙ፣ ስሙ! አንጓዬ ዳነ!»

እውነታቸውን ነው፤ ምንም የማይሠራ አንጓ ምን ብሎ ይታመማል? እንግዶቹም ተደንቀው ለየራሳቸው አዘዙ።

አንድ ቀን ማዳም የፈሪሃ እጅ ላይ ፋሻ አዩ።

«ያ ሐራም፣ ምስኪን! ምን ሆንሽ?»

«ልብሱ ነው ማዳም። ማሽኑ ቢሠራልኝ...»

«ማሽን እጅ አያድንም፣ ሐቢብቲ!»

የማዳም ልብ ተነካ። አዲሱን ሞዴል አዝዘው ስለነበር አሮጌውን ኪቦርድ አንስተው ሰጧት። «ያንቺ ነው። እኔን እንዳዳነኝ አንቺንም ያድንሽ። ያላ!»

እሑድ በእረፍቷ ፈሪሃ ስጦታዋን በፌስታል ይዛ ሺያህ ወረደች። ሲቲና የኮምፒውተር ጨዋታ ላሳበደው አንድ ጎረምሳ አሻሻጠቻት፤ እሱም የፊደላቱን ሰልፍ አይቶ ሲስቅ ቆየና ከፈለ። በማግስቱ ፈሪሃ በዚያ ገንዘብ የጠራችው ጠጋኝ መጣ፤ ማሽኑ መሽከርከር ጀመረ። ማዳም ሙስዩ ያሠሩት መሰላቸው፣ ሙስዩም ማዳም። «ሜርሲ» ተባባሉ፤ ምስጋናውንም ሁለቱም ተቀበሉ።

ፋሻው የተፈታ ዕለት ማዳም የፈሪሃን እጅ አገላብጠው አዩ።

«አላልኩሽም? ኪቦርዱ አዳነሽ!»

«አዎ ማዳም፣ አዳነኝ» አለች ፈሪሃ ከልቧ። «አዲሱስ መቼ ይመጣል? ወገቤን ደግሞ ጀምሮኛል።»