ሙሽራው ቱርሚ ሄደ

ለእንግድነት መጥቶ አግዳሚውን ብቻውን የሚሞላ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጂንካ ገበያው አጠገብ ያለው የብርቄ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር እንደዚያ ነው። የሠርግ ካርድ መሥሪያው ፕሮግራም ሲከፈት ስክሪኑን ሙሉውን ይይዝና ስሞቹ የተላኩበትን ቴሌግራም ይሸፍነዋል። ወረቀት ላይ አትገለብጠውም ወይ ትሉ ይሆናል። ብርቄ ግን ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ላይ ነው የምትገለብጠው።

ያን ቀን «እትዬ፣ እርስዎ ሙሽራዋ ነዎት» ብላ የሙሽራዋን ስም በቃሌ አስያዘችኝ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ተዳርኩ ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ። የሙሽራውን ስም ደግሞ መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ ለመጣ ጎልማሳ ሰጠችው። ጎልማሳው ግን የቱርሚ መኪና ጥሩንባ ሲሰማ ስሙን እንደያዘ ሮጦ ወጣ።

ወዲያው አንዲት ልጅ ካርዷን ልትወስድ ገባች። ብርቄ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «እትዬ፣ ሙሽራው የታለ?» አለችኝ።

«ቱርሚ ሄደ።»

«ግድ የለም፣ ሌላ እንፈልጋለን።»

ልጅቷ በሩን ይዛ ቀረች። ለካ ሙሽራዋ እሷ ናት! ነገሩን እስካስረዳት ድረስ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ወንበር ስባ ብርቄ አጠገብ ተቀመጠች።

«ስሙ ታሪኩ ነው» አለች። «ከእንግዲህ እሱን እኔው እይዘዋለሁ።»